የሠፈር ቤተ መጻሕፍት፦ ምቾት ወይስ ዕዳ?

አንድ ከተማ ወደ ዳር እየሰፋ በሄደ ቁጥር ከመንገዱ፣ ከውኃው ቧንቧና ከመብራቱ ምሰሶ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በአዲሱ ሠፈር የሚኖረው ሕዝብ ከመኖሪያ ጣራ በላይ ምን ይገባዋል? የሚለው ነው። ገበያ ይገባዋል፤ ጤና ጣቢያ ይገባዋል፤ ትምህርት ቤት ይገባዋል። በእነዚህ ላይ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ቤተ መጻሕፍት የተባለ እንደ ሆነ ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል። «ቢኖር መልካም ነበር» እንላለን። «ቢኖር መልካም ነበር» የተባለ ነገር ደግሞ፣ በጽሕፈት ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጀት ሲጠብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠረዝ ነገር ነው።

ምቾትና ዕዳ ሁለት ቃላት ብቻ ሳይሆኑ ሁለት አስተሳሰቦች ናቸው። ምቾት ማለት የተረፈ ሲኖር የሚጨመር፣ የጎደለ ሲመስል የሚታለፍ ነው። ዕዳ ግን ባለዕዳው ተመቸውም አልተመቸው የሚጠየቅበት ነው። በመናፈሻ ውስጥ ያለውን አግዳሚ ወንበር ምቾት ነው ብንል የሚቆጣን የለም። የመጠጥ ውኃን ምቾት ነው የሚል ግን ይታዘቡታል። ታዲያ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ከወንበሩ ወገን ነው ወይስ ከውኃው? ነገሩ በስሜት እንዳይፈታ፣ ሌሎች ሕዝቦች ይህንኑ ጥያቄ በገንዘብና በድንጋይ፣ አንዳንድ ጊዜም በፖሊስ፣ እንዴት እንደ መለሱት አስቀድሞ መመልከት ይበጃል።

በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ሕጉን ለምክር ቤት ካቀረቡት ሰዎች ዋነኛው ዊሊያም ዩዋርት ሲሆን፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበረው ኮሎኔል ሲብቶርፕ ንባብ ጨርሶ እንደማይወድ፣ በኦክስፎርድ ተማሪ በነበረበት ጊዜም ይጠላው እንደ ነበር ሳያፍር ተናግሯል። (ግልጽ ሰው ነበር ማለት ነው። ዛሬ ተመሳሳይ ስሜት ያላቸው ሰዎች «ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር አለ» ነው የሚሉት።) ሕጉ ከ10,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ከግብር ላይ እጅግ ጥቂት ገንዘብ ለይተው ሕንፃ እንዲያሠሩ ፈቀደ፤ በዚያ ገንዘብ መጽሐፍ እንዲገዙ ግን አልፈቀደም። መጽሐፉ ከበጎ አድራጊዎች በስጦታ እንዲመጣ ታሰበ። ይህ ጉድለት የታረመው ከአምስት ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ሕግ ነው። ሕንፃ ለዓይን ይታያል፤ ሪባን ይቆረጥበታል፤ መጽሐፍ ግን ተነብቦ ሲያልቅ ቅጠሉ የሚጎሰቁል፣ በየዓመቱ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ በብዙ አገር ሹማምንት ሕንፃውን ከመጽሐፉ አስበልጠው የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ከእንግሊዙ ሕግ ይልቅ ጥያቄያችንን በቅርብ የሚነካው በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ዙሪያ የሆነው ነው። ከዚያች ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር፣ ብራዶክ የምትባል የብረት ሠራተኞች መንደር አለች። የብረት ማቅለጫው ባለቤት አንድሩ ካርኔጊ በዚያች አገር ያሠራው የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው በዚች መንደር ነው። ሕንፃው ከመሬት በታች ባለው ክፍሉ መታጠቢያ ነበረው፤ ሠራተኛው ከማቅለጫው ጥላሸት ለብሶ ሲወጣ ገላውን ታጥቦ ወደ መጻሕፍቱ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ አሳብ እጅግ ያስደስተኛል። አንድን ሰው ወደ መጽሐፍ ለማቅረብ አስቀድሞ ምን እንደሚያስፈልገው ያሰበ ሰው እንደ ነበረ ያሳያልና።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከብራዶክ ወንዙን ተሻግሮ በሚገኘው በሆምስቴድ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ የዚያው ባለሀብት ድርጅት የሠራተኞቹን ደመወዝ ለመቀነስና ማኅበራቸውን ለመስበር ተነሣ። ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ የተቀጠሩ ጠባቂዎች በጀልባ መጡ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ። በመጨረሻም ማኅበሩ ተሸነፈ። በዚያው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1898 ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተመረቀ። በቀን 12 ሰዓት ከእሳት ፊት የሚቆም ሰው ግን መጽሐፍ የሚገልጥበት ጉልበት ከየት ያመጣል? በዘመኑ «መጽሐፍ ቤቱን ተወውና ደመወዛችንን መልስልን» የሚል ስሜት ከሠራተኛው ወገን መሰማቱ የሚያስገርም አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ንባብ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ በእኩል ያልተከፋፈለ ሀብት ነው። ቤተ መጻሕፍትን ያለ ዕረፍት ሰዓት መስጠት ማዕድ ዘርግቶ እጅን ማሰር ነው።

እንዲህም ሆኖ ለካርኔጊ አንድ ነገር ሳይነፍጉ መመስከር ተገቢ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ያሠራው ይህ ሰው፣ ገንዘቡን ሲሰጥ በአብዛኛው አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ከተማው መሬቱን ይስጥ፣ ከሕንፃው ዋጋም አንድ አሥረኛውን በየዓመቱ ከሕዝብ ገንዘብ ለሥራ ማስኬጃ ለማዋል ይግባ የሚል ነው። ስጦታው ስጦታ ሆኖ እንዲቀር አልፈለገም፤ ሕዝቡ በራሱ ላይ ያኖረው ግዴታ እንዲሆን አደረገ። ምጽዋት ወደ ዕዳ የሚለወጠው እንዲህ ነው። ብራዶክ እንኳ ማቅለጫው ሲዳከምና ሕዝቡ ሲበተን ቤተ መጻሕፍቷ እ.ኤ.አ. በ1974 ተዘግታ፣ ሕንፃው ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ፣ የመጨረሻው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊና የመንደሩ ሰዎች ከመፍረስ አድነውት በ1980ዎቹ ዓመታት ከፊሉ እንደ ገና ለልጆች ተከፍቷል። ባለሀብቱ ከሞተ ከስልሳ ዓመት በኋላ ሕንፃውን የጠበቀው የሠፈሩ ሰው ነው።

ወደ ጥያቄያችን ልብ የሚያደርሰን ግን ሌላ ሥፍራ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1937 በኩዊን ጎዳና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላት። የሕዝብ ይባል እንጂ ጥቁር የሆነ የከተማው ነዋሪ አይገባበትም ነበር። ከዚያ ሕንፃ ጥቂት እልፍ ብሎ ሳሙኤል ዊልበርት ታከር የተባለ ወጣት ይኖር ነበር። ይህ ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ራሱን በንባብ አስተምሮ የጥብቅና ፈተናን ያለፈ ነው። መጽሐፍ ሕይወቱን የሠራለት ሰው ከቤቱ አጠገብ ወዳለው የመጻሕፍት ቤት መግባት ተከለከለ። ግብር ግን ይከፍል ነበር።

በ1939 የጸደይ ወራት ታከር አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ይዞ የአባልነት ካርድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ነሐሴ 21 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. አምስት ወጣቶች አንድ በአንድ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። እያንዳንዳቸው ካርድ ጠየቁ። አይሰጥም ሲባሉ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንሥተው፣ በየተለያየ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠራ። ወጣቶቹ ተያዙ። የተከሰሱበትም ወንጀል ጸጥታን ማወክ የሚል ነበር። ዝም ብሎ ማንበብ ጸጥታን ማወክ ተብሎ የተጻፈበት የክስ መዝገብ! በዓለም ላይ ስለ ንባብ ኃይል ብዙ ተጽፏል፤ ከዚህ የከሳሽ ምስክርነት የሚበልጥ ግን አላገኘሁም። ክሱ ውሳኔ ሳያገኝ ለዓመታት ከቆየ በኋላ የከተማው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ ዘግቶታል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለፈላስፋ የሚመች ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ከተማው በክርክሩ እንዳይረታ ፈርቶ በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ሌላ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ሮበርት ሮቢንሰን ተባለ። ለታከርም የዚህ አዲስ ቤት ካርድ ሊሰጠው እንደሚችል ተነገረው። ታከር እምቢ አለ። በዚያ በሚሠራው ቤት የሚያገለግል ካርድ አልቀበልም ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት ምቾት ከሆነ የታከር እምቢታ ትርጉም የለሽ ግትርነት ነው። ምቾቱ መጥቷልና፤ ወንበር አለ፣ መብራት አለ፣ መጽሐፍም አለ፣ ቦታውም ሩቅ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ራሽን ማደያ ብቻ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ድርሻው ተሰፍሮለታል። እምቢታው ትርጉም የሚያገኘው ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፍ በላይ ሌላ ነገር የሚሰጥ ከሆነ ብቻ ነው። ያም ነገር ሰውን ጎረቤት አድርጎ መቁጠር ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፤ በዚያ መዝገብ ላይ የሁሉም ስም በተራ ይጻፋል። ታከር የተነፈገው ይህ ነበር፤ ሁለተኛው ሕንፃ ደግሞ ይህን ሊሰጠው አይችልም፤ እንዲያውም የተሠራው ይህን ላለመስጠት ነው።

ይሁንና በአዲሱ ቤት ገብተው ያነበቡትን የጥቁር ልጆች ማን ይነቅፋል? አዋቂ ሰው ለፍትሕ ሲል ወንበሩን ሊመልስ ይችላል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ፍትሕ እስኪመጣ ድረስ ሳያነብ ሊቆይ አይገባውም። ከተማው የሁሉም ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን እስኪያደርግ ድረስ ሃያ ዓመታት ያህል ፈጅቷልና፤ ሃያ ዓመት ደግሞ አንድ ልጅ አድጎ ራሱ ልጅ የሚወልድበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ታከርም ልክ ነበር፣ በዚያ ቤት ያነበቡት ልጆችም ልክ ነበሩ። ሁለቱን ልክ እርስ በርሱ የሚያጋጨው የከተማው በደል እንጂ የእነርሱ ምርጫ አይደለም። ያ ሁለተኛው ቤት ዛሬ የከተማው የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም አካል ሆኗል።

ዛሬ በአሌክሳንድሪያና በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የዳርቻ ከተሞች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በየሠፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ለእንግሊዝኛ ልምምድ፣ ለዜግነት ፈተና ዝግጅት፣ ለልጆቻቸው የቤት ሥራ ይቀመጣሉ። ካርድ ለማውጣት የሚጠየቁት የአካባቢው ነዋሪ መሆናቸውን ነው። ማን የልጅ ልጅ ነህ፣ መዋጮህን ከፍለሃል ወይ፣ የሚል የለም። ይህ ቀላል መስሎ የሚታየን በኩዊን ጎዳና ዝም ብለው ያነበቡትን አምስት ሰዎች ስለማናውቃቸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዳርቻ እንምጣ። በአዲስ አበባ በጋራ መኖሪያ ቤት የተሞሉ ሠፈሮች መሠራት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል። ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን የመሳሰሉት የከተማዋ አዳዲስ ዳርቻዎች በዚህ መንገድ ሰው ሰፍሮባቸዋል። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ስለሆነ፣ ከጉለሌ የመጣው ከልደታ ከመጣው፣ መምህሩ ከልብስ ሰፊው፣ ጡረተኛው ከአዲስ ሙሽራ ጋር በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ማንም ጎረቤቱን አልመረጠም። በአሮጌው ሠፈር በሦስት ትውልድ የተገነባው የቡና ጥሪ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የልጅ አደራ በአንድ ጀንበር ተፈትቶ እንደ አዲስ መታሰር ነበረበት።

የሠፈሮቹ ፕላን የሕዝቡን ባህል ጨርሶ ረስቷል ማለት አይቻልም። በየሳይቱ የጋራ መገልገያ የሚባል አነስተኛ ሕንፃ ተሠርቷል፤ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት። ይህ መልካም አሳቢነት ነው። ወደ መንገድ የሚመለከቱት የምድር ቤት ክፍሎች ግን ለንግድ ተብለው በጨረታ ተሸጡ። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ የቤት ፈላጊውን ሸክም ያቀል ዘንድ ነበርና ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ውጤቱን ግን ልብ እንበል። ከደረጃ ወርዶ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ለበለጠ ከፋይ ተሰጠ። ቁርጥ ቤቱ ተጫረተ፤ የሞባይል መሸጫው ተጫረተ፤ መጠጥ ቤቱ ተጫረተ። ቤተ መጻሕፍት አልተጫረተም፤ ሊጫረት የሚችል ነገር አይደለምና። ከሚያነብ ሰው ገንዘብ አይቀበልም፤ ስለዚህም ለካሬ ሜትር የሚከፍለው የለውም። በጨረታ ብቻ የሚታደል ሠፈር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የሚጠፋው ማንም ጠልቶት አይደለም፤ እጁን አውጥቶ ዋጋ የሚጠራለት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

«ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ ማኅበር አለን፤ ጉርብትና በእነዚህ ይቆማል» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። በኮንዶሚኒየሙ ሠፈር ገና ውኃ በወጉ ሳይገባ ዕድር መቋቋሙ የሕዝባችንን ጥበብ ያሳያል። ነገር ግን በዕድርና በቤተ መጻሕፍት መካከል አንድ ልዩነት አለ፤ እርሱንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። ዕድር መዋጮ አለው፤ ያልከፈለ ይቀጣል፤ የቀረ ይጠየቃል። ይህ የዕድር ጉልበት ነው፤ ያለዚህ ቀን ሲከፋ ድንኳን አይተከልም። ዳሩ ግን በዚሁ ጉልበቱ ምክንያት ዕድር ተከራዩን፣ ትናንት ከክፍለ ሀገር የመጣችውን የቤት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ገና መዋጮ የማይችለውን ወጣት በደጅ ያስቀራል። ዕድር የሚቆጥረው አባወራንና እማወራን ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚቆጥረው አንድን ሰው ነው። ከቤቱ ማንም ሳይልከው፣ ስለ ማንም ሳይወክል፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚገባ ሰው። በሠፈር ውስጥ ምንም ሳይገዙ፣ ምንም ሳያዋጡ፣ ሳይጸልዩም፣ ሁለት ሰዓት በክብር መቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ስንት አለ? እስቲ አንባቢ የራሱን ሠፈር በልቡ ዞሮ ይቁጠር።

የከተማዋ መሐል በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለ አንጋፋ ተቋም ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሖት በአራት ኪሎ አካባቢ ተመርቋል፤ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል፤ በየቀኑም ወጣቶች ይሞሉበታል። ይህን የሚያጣጥል ሰው ፍርድ ያጎድላል። ነገር ግን አንድ የየካ አባዶ ልጅ ወደ አራት ኪሎ ደርሶ ለመመለስ የሚከፍለው የታክሲ ዋጋ አለ፤ የሚያጠፋው ጊዜም አለ፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ የእናቱ ስጋት አለ። በበሩ ላይ ክፍያ የለም ማለት በነጻ ነው ማለት አይደለም። ሩቅ ያለ ቤተ መጻሕፍት ለብርቱውና ለወጣቱ ክፍት ነው፤ ለሕፃኑ፣ ለአዛውንቱና ሕፃን ላዘለችው እናት ግን ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ቁልፍ ባይኖርም። ታላቁ ቤተ መጻሕፍት ተመራማሪውን ያገለግላል። አንባቢውን የሚወልደው ትንሹ የሠፈር ቤት ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎች ስለ አንባቢ መጥፋት በየመድረኩ ሲያማርሩ እንሰማለን። አንባቢ ግን በመድረክ አይወለድም፤ ከቤቱ በእግሩ በሚደርስበት ቦታ፣ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ይወለዳል።

ደግሞም የሠፈር ንባብ ቤት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ከወለደ በኋላ፣ በተለይም በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት በዘመቻ መልክ ሲጀመር፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። ትምህርቱ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሲሰጥ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጥቶበታል። የዘመቻው አስተባባሪዎች አንድ ትልቅ እውነት ተረድተው ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ነገር በአቅራቢያው ካላገኘ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የንባብ ክፍሉ የዚህ መድኃኒት ነበር።

ታዲያ ክፍሎቹ የት ደረሱ? አንዳንዶቹ ዛሬም በወረዳ ስም ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን መጋዘን፣ ጽሕፈት ቤት፣ ወይም የኪራይ ቤት ሆነዋል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ዘወትር የገንዘብ እጥረት ነው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት አያለሁ። በብዙዎቹ የንባብ ክፍሎች የተደረደረው ጽሑፍ በአንድ ድምፅ የሚናገር ነበር። ትናንት በስብሰባ የሰማውን ዛሬ በመጽሐፍ ማንበብ ያለበት ሰው ጥቂት ቆይቶ መምጣቱን ይተዋል። ክፍሉ ሲዘጋም የሚሟገትለት ጎረቤት አልተገኘም፤ የራሱ መሆኑን ሳይሰማው ኖሯልና። ቤተ መጻሕፍት ለሠፈሩ የሚከፈል ዕዳ ነው ስንል፣ ባለዕዳው ገንዘቡን ሲከፍል «በዚህ ይህን ብቻ ግዛበት» ብሎ ማዘዝ እንደማይችል መቀበል አለብን። መንግሥት መደርደሪያውን ያቁም፤ መደርደሪያው ላይ የሚወጣውን ነገር ግን እርስ በርሱ የሚከራከር እንዲሆን ይፍቀድ። ይህን ለካድሬ መንገር ይከብዳል፤ ለመምህርም ቢሆን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።

«ዛሬ መጽሐፉ ሁሉ በእጅ ስልክ አለ፤ ጠረጴዛና ወንበር ለምን?» የሚሉም አሉ። ስልክ ጽሑፍን ያመጣል፤ ይህ እሰየው ነው። ስልክ የማያመጣው ጸጥታን፣ ብርሃንንና ቦታን ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ሲኖር፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮኽ፣ ታናሽ እኅት ስታለቅስ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው የት ይቀመጥ? በደረጃው ላይ፣ በመተላለፊያው አምፖል ሥር ደብተር ዘርግቶ የሚያጠና ልጅ ያላየ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ለዚያ ልጅ ተጨማሪ ጽሑፍ በስልክ መላክ የጠየቀውን መመለስ አይደለም፤ እርሱ የጠየቀው ጠረጴዛ ነው።

የበለጠ የሚከብደው መቃወሚያ ግን የውኃው ነው። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሠፈር ስለ መጽሐፍ ማውራት ቅንጦት አይሆንምን? ይህን የሚጠይቅ ሰው ቅን ነው፤ መልሱም በፌዝ ሊሰጥ አይገባም። አዎን፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚቻል ከሆነ ውኃው ይቅደም። ነገር ግን በተጨባጭ ይህ ምርጫ የሚቀርብልን መቼ ነው? የሠፈሩ የምድር ቤት ሲጫረት ገንዘቡ ለውኃ ነበርን? የጋራ መገልገያው ክፍል ለንግድ ሲከራይ ኪራዩ ቧንቧ ይጠግናልን? ድኻ የሚበላው ሲያጣ ማንበብ አይሻም የሚለው አባባል ድኻውን ከሚያውቅ ሰው አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። እናት ከእንጀራዋ ቀንሳ ለልጅዋ ደብተር የምትገዛበት አገር ነው።

በዚህ ረገድ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለን። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ልጆች በቋንቋቸው መጽሐፍ ሲገኝ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ምንም ያህል እንደሌለ ተመለከተ። ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ የከፈተውም በሚኖርበት ቤት ምድር ላይ ነው። በኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ወደ ልጆች የሚሄድበትን መንገድ አስጀመረ። በአሜሪካ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት የተማረውን ነው ያመጣው፤ ያመጣው ግን ሕንፃ አይደለም። ልጅ በእግሩ የሚደርስበት ክፍል ያስፈልገዋል፣ ካልደረሰም መጽሐፉ ወደ እርሱ ይሂድ የሚለውን አሳብ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲቆም ያ ሰው ሲደክም ወይም ገንዘቡ ሲነጥፍ ምን ይሆናል? የካርኔጊ ቅድመ ሁኔታ እዚህ ላይ ይታወሰናል። ከበጎ ፈቃድ የተጀመረውን ሕዝቡ በስሙ ካልተረከበው ልጆቹ የጀማሪውን ዕድሜ ብቻ ያነባሉ።

ስለዚህ ጉዳዩ የታላቅ ሕንፃ ጉዳይ አይደለም። በየሠፈሩ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አራት ረጅም ጠረጴዛ፣ መስኮት ሥር የልጆች ምንጣፍ፣ በወር ደመወዝ የሚኖር አንድ ሰው፣ በየዓመቱ የማይሠረዝ የመጽሐፍ መግዣ፤ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱ ነው። በመንግሥት የሥራ ሰዓት ተከፍቶ በመንግሥት የሥራ ሰዓት የሚዘጋ የንባብ ክፍል ከሆምስቴዱ ሕንፃ ብዙም አይሻልም፤ የሚያነበው ሰው ሥራ ላይ ሳለ ይከፈታል፣ ከሥራ ሲመለስ ተዘግቶ ያገኘዋል። ልብስ ሰፊው ከማታው 12 ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። የቤት ሠራተኛዋ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ በ2 ሰዓት ተኩል ነው የምታልፈው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥቂት ዕረፍት አላት። የሠፈሩ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሲሰበሰብ አጀንዳው ላይ ከጥበቃውና ከቆሻሻው ጉዳይ ቀጥሎ አንድ መሥመር ቢጨመር፣ በዚያ መሥመር ሥር መጀመሪያ መወሰን ያለበት የክፍሉ ስምና የምረቃው ቀን አይመስለኝም። ቁልፉ በማታ በማን እጅ ይሆናል የሚለው ነው።